መሬቱ ራሱ ሲጮህ፦ በቨርጂኒያ ቀይ አፈር ውስጥ የጥንት ጥይት ፍለጋ

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስታችሁ በመንገድ 29 ወደ ደቡብ ምዕራብ ብትነዱ፣ ዋረንተንን አልፋችሁ ሬሚንግተን ጋ የራፓሃኖክን ወንዝ ትሻገራላችሁ። ከወንዙ ማዶ ከልፔፐር ካውንቲ ነው። በቆሎው ተሰብስቦ ማሳው ባዶውን ሲቀር አፈሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደማቅ ቀይ ነው። ዝናብ ከነካው ጫማ ላይ ተጣብቆ አልለቅ ይላል። ወላይታ ወይም ጅማ አካባቢ ያደገ ሰው ቀለሙን ሲያየው አገሩ ትዝ ይለዋል።

ዲቴክተር፣ ማለትም የተቀበረ ብረታ ብረት የሚጠቁም ማሽን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝኩት እዚህ ማሳ ላይ ነው። የምንፈልገው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የወደቁ ጥይቶችን ነበር። ይዘውኝ የሄዱት ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። የእርሻው ባለቤት ወዳጃቸው ስለሆነ ፈቃድ አላቸው። በርካሽ የገዛሁትን ማሽን ከፍቼ መሬቱ ላይ ሳሳልፈው ጩኸቱ ጆሮ የሚያደነቁር ሆነ። ወደ ቀኝ ሲሄድ ይጮኻል፤ ወደ ግራ ሲመለስም ይጮኻል። ቆፈርኩ፤ ምንም የለም። ሌላ ቦታ ቆፈርኩ፤ አሁንም አፈር ብቻ። የተበላሸ ዕቃ የሸጡልኝ መስሎኝ ተናደድኩ። ጎረቤቴ ቀረብ ብለው ትንሽ አዳመጡና፣ "ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ የሚጮኸው መሬቱ ነው" አሉኝ።

መሬት እንዴት ይጮኻል? ነገሩ ገብቶኝ እስኪያልቅ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። እናንተን ያን ያህል እንዳይፈጅባችሁ ከሥሩ ላስረዳ።

በመጀመሪያ አንድ የቋንቋ ነገር እንስማማ። በአማርኛ "ብረት" ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው የሚዝገውና ማግኔት የሚስበው ብረት ነው፤ ሚስማር፣ ማረሻ፣ የፈረስ ኮቴ ብረት። ሁለተኛው ደግሞ ሁሉም ነው፤ እርሳሱም፣ መዳቡም፣ ናሱም፣ ብሩም። በሌላ ቦታ ይህ መደበላለቅ ችግር የለውም። እዚህ ግን የጨዋታው ሁሉ ቁልፍ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ "ብረት" ስል የሚዝገውን ብቻ ነው። ሁሉንም በአንድ ለመጥራት "ብረታ ብረት" እላለሁ።

ማሽኑ ምን ይሰማል?

ዲቴክተር መሬት ውስጥ አያይም። ይጠይቃል፤ መልስ ይሰማል፤ በቃ። ከታች ያለው ክብ ሳህን ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ዙሪያውን መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። የተለመዱት ማሽኖች ይህን መስክ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይገለባብጡታል። መስኩ የእርሳስ ጥይት ወይም የናስ ቁልፍ ሲያገኝ በዕቃው ገላ ላይ ትናንሽ የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ይነሳሉ። አዙሪቶቹ በተራቸው የራሳቸውን ደካማ መስክ ይፈጥራሉ። ሳህኑ ውስጥ ያለው ሌላ ሽቦ ያን ደካማ መልስ ያዳምጣል።

መልሱ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛ፣ ምን ያህል ኃይለኛ ነው? ሁለተኛ፣ ከጥያቄው ምን ያህል ዘገየ? ሁለተኛው ጥያቄ ነው ዕቃውን የሚለየው። ማግኔት የሚስበው ነገር መልሱን ወዲያው ከጥያቄው ጋር አብሮ ይሰጣል። እርሳስ፣ መዳብና ብር ግን አዙሪቱ ተነስቶ እስኪሽከረከር ትንሽ ይዘገያሉ። መዘግየቱ በጣም ጥቂት ነው፤ ማሽኑ ግን ይለካዋል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ከዚህ መዘግየት የተሰላ ነው። ዝቅ ያለ ቁጥር ሚስማር ሊሆን ይችላል፤ ከፍ ያለው የብር ሳንቲም።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ በጥይት ተመቱ። ጥይቱ ሰውነታቸው ውስጥ ቀረ። የት እንዳለ ግን ማንም አላወቀም፤ ኤክስሬይ ገና አልነበረም። የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሽቦዎችን ጠቅልሎ ብረታ ብረት የሚጠቁም መሣሪያ ሠራ። ዋይት ሀውስ ድረስ ይዞት ሄዶ በፕሬዝዳንቱ ገላ ላይ አሳለፈው። መሣሪያው ግን ሰፊ ቦታ ላይ ግልጽ ያልሆነ ድምፅ ሰጠ። ቤል በኋላ እንደተረዳው ከፍራሹ ሥር የብረት ሽቦ የተሠራበት ሌላ ፍራሽ ነበር። ዋናው ሐኪም ደግሞ ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብለው ስላመኑ በዚያ በኩል ብቻ እንዲፈለግ ነበር የፈቀዱት። ጋርፊልድ በመስከረም ወር ሞቱ። አስከሬኑ ሲመረመር ጥይቱ የተገኘው በግራ በኩል ነው።

ይህን ታሪክ ሳስብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። መሣሪያው ይሠራ ነበር። አንዲት ትንሽ ጥይት ፈለገ፤ ከሥሯ የተዘረጋ ብረት ግን ከእሷ በላይ መልስ ሰጠ። የከልፔፐር ማሳም እንደዚያ ፍራሽ ነው። ልዩነቱ እዚህ ብረቱ አፈሩ ውስጥ ተፈጭቶ መግባቱ ነው።

አፈሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ልጅ ሆናችሁ ከተሰበረ ስፒከር ማግኔት አውጥታችሁ አፈር ላይ ጎትታችሁ ታውቃላችሁ? ማግኔቱ ጥቁር ጺም ያወጣል። ያ ጺም ማግኔታይት የሚባል ማዕድን ነው፤ ብረትና ኦክስጅን የተዋሃዱበት። ሌላም ዘመድ አለው፤ ማግሄማይት ይባላል። እሱም ማግኔት ይስበዋል። ለአፈሩ ቀይ ቀለም የሚሰጠው ሄማታይት ግን በማግኔት የሚሳበው በጣም በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ቀይ አፈር ሁሉ አስቸጋሪ አይደለም፤ ቀይ ያልሆነ አፈርም ሊያስቸግር ይችላል። ቀለሙን አይታችሁ አትፍረዱ። ማግኔት በፌስታል ጠቅልላችሁ አፈሩ ውስጥ ክተቱት። ጺሙ ከበዛ ከባድ ቦታ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ፌስታሉ ለምን? ያለ እሱ ማግኔቱን ማጽዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ከልፔፐር ለምን እንዲህ ሆነ? ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አፍሪካና ሰሜን አሜሪካ ተያይዘው ነበር። መለያየት ሲጀምሩ መሬቱ እየተሰነጠቀ ረጃጅም ሸለቆዎች ተፈጠሩ። የከልፔፐር ተፋሰስ ከነዚያ አንዱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ያረጀና የተሞላ ስምጥ ሸለቆ ነው። ከአዋሳ እስከ አፋር የምናውቀው ዓይነት ነገር፣ በብዙ ዘመን የሚበልጠው ታላቅ ወንድም በሉት። በስንጥቁ ቀልጦ የወጣው ዓለት ቀዝቅዞ ጥቁር ድንጋይ ሆነ፤ ብረትም በብዛት አለበት። ድንጋዩ ለዘመናት ሲፈርስ ብረቱ አፈሩ ውስጥ ቀረ።

በዚህ ላይ የሰው እጅም አለበት። በእርስ በርሱ ጦርነት፣ ከ1863 ማብቂያ እስከ 1864 ጸደይ ድረስ፣ ከ100,000 በላይ የሰሜኑ ጦር ወታደሮች ከልፔፐር ውስጥ ባለው ብራንዲ ስቴሽንና አካባቢው ላይ ከረሙ። ከዚያ በፊት በሰኔ 1863 በዚያው ቦታ 20,000 የሚጠጉ፣ በአብዛኛው ፈረሰኞች ተዋግተዋል። በጦርነቱ ትልቁ የፈረሰኛ ውጊያ ነበር። የከረሙት ወታደሮች ከግንድ ጎጆ ሠርተው፣ ምድጃ አበጅተው፣ ወራቱን ሙሉ እሳት አነደዱ። አፈር በእሳት ሲጋገር በውስጡ ያለው የብረት ማዕድን ይለወጣል፤ ማግኔት የማይስበው የነበረው መሳብ ይጀምራል። አሮጌ ምድጃ ያለበት ቦታ ስለዚህ ከአካባቢው ይበልጥ ይጮኻል። ቁልፉም፣ ጥይቱም፣ የቀበቶ ዘለበቱም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን እዚያው ምድጃው አጠገብ ነው። ሰው ተቀምጦ የሞቀበት ቦታ ነዋ!

ስክሪኑ ለምን ይዋሻል?

እስቲ እናስላ። የጊዜው ዋነኛ ጥይት በፈረንሳዊው መኮንን ስም ሚኒዬ የሚባለው ነው። ከእርሳስ የተሠራ ነው፤ ክብደቱ ወደ 32 ግራም። ስፋቱ 28 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳህን ይዛችኋል እንበል። ከሳህኑ ሥር እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ብቻ 18 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከመቶ አንድ እጁ እንኳ ማግኔት የሚስበው ማዕድን ቢሆን 180 ግራም ነው። ጥይቷ ከሥር ሆና በሹክሹክታ ትናገራለች፤ አፈሩ ከላይ ሆኖ ይጮኻል።

ጥልቀት ደግሞ በጣም ይጎዳል። ትንሽ ዕቃ ከሳህኑ ስፋት በላይ ሲርቅ፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር መልሱ 64 ጊዜ ያህል ይደክማል። እጥፍ አይደለም፤ 64 ጊዜ። ጥያቄው ወደ ታች ሲሄድ ይደክማል፤ መልሱም ወደ ላይ ሲመለስ እንደገና ይደክማል። አፈሩ ግን ሳህኑ ሥር ስለሆነ የሚደክምበት ምክንያት የለም።

አሁን ዋናው ነጥብ። ማሽኑ የጥይቱንና የአፈሩን መልስ ለየብቻ አይሰማም። አንድ ላይ ተደምረው ነው የሚደርሱት። ሁለት ሰው አንድን ነገር በገመድ በተለያየ አቅጣጫ ሲጎትት አስቡ። ነገሩ የሚሄደው ወደ ጉልበተኛው አድልቶ ነው። ጥይቱ ላይ ላዩን ከሆነ ጉልበቱ የጥይቱ ነው፤ ስክሪኑም ትክክለኛውን ቁጥር ይሰጣል። እየጠለቀ ሲሄድ ጉልበቱ ወደ አፈሩ ይዞራል። አፈሩ ውስጥ ያለው ደግሞ የብረት ማዕድን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወደ ብረት ይወርዳል። እርሳሱ "ሚስማር ነኝ" ማለት ይጀምራል።

ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ማሽኑ ላይ "ብረት አታሰማኝ" የሚል ማስተካከያ አለ፤ ዲስክሪሚኔሽን ይሉታል። ሚስማር መቆፈር የሰለቸው ሰው ይከፍተዋል። ማሽኑ ታዛዥ ነው፤ ብረት የመሰለውን ሁሉ ዝም ያሰኛል። ከነዚያ መካከል ግማሽ ክንድ ያህል የጠለቁት ጥይቶች አሉ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ በላያቸው ይመላለሳል፤ ማታ "ይህ ማሳ አልቋል" ብሎ ይሄዳል። ማሳው አላለቀም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ማሽኑን ከመሬቱ ጋር ማስማማት። ምንም ብረታ ብረት የሌለበት ቦታ ፈልጋችሁ ሳህኑን ከመሬት ወደ ላይ ወደ ታች ታመላልሱታላችሁ። ማሽኑ የአፈሩን መዘግየት ለክቶ "ይህን ከመልሱ ቀንስ" ይላል። ጥሩ ማሽን ይህን ራሱ ያደርጋል፤ በከባድ መሬት ግን በእጅ ማድረጉ ይሻላል። ደግሞ አንዴ አድርጎ መርሳት አይሆንም። አሥር ሜትር ሄድ ስትሉ አፈሩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የማይታመን የሚመስል ነገር፦ ኃይሉን ቀንሱ። ሰው ማሽኑ አልሰማ ሲለው ሴንሲቲቪቲውን እስከ ጣሪያ ይጨምራል። ግን ከጥይቱ ጋር የአፈሩም ጩኸት ይጨምራል፤ ማሽኑም ይደነቁራል። መኪና ውስጥ ሬዲዮው ሲያስገመግም ድምፅ መጨመር ወሬውን እንደማያጠራው ነው። ሲቀንሱት ብዙ ጊዜ ጠለቅ ያለው ይሰማል። ሳህኑንም አነስ ያለ አድርጉት፤ ትንሽ ሳህን የሚያየው አፈር ትንሽ ነው። ከመሬት ሁለት ሦስት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ከፍታው እንዳይለዋወጥም ተጠንቀቁ፤ ወዲያ ሲል ከፍ፣ ወዲህ ሲል ዝቅ ካለ ማሽኑ ልዩነቱን እንደ ዕቃ ይቆጥረዋል። ቀስ በሉ። የቸኮለ እጅ በዚህ አፈር ላይ ምንም አያገኝም።

ከሁሉ በላይ ግን ስክሪኑን ትታችሁ ጆሮአችሁን ስጡ። የአፈር ጩኸት ቦታ የለውም፤ ሳህኑን ስትመልሱት ይጠፋል ወይም ፈቀቅ ይላል። እውነተኛ ዕቃ ግን ወደ ቀኝም ወደ ግራም እዚያው ነው። ዞራችሁ ከሌላ አቅጣጫ ስታሳልፉትም እዚያው ነው። ድምፁ ሻካራ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ "ብረት" ሊል ይችላል። ቦታው ካልተነቃነቀ ቆፍሩ። ትንሽ አፈር ካነሳችሁ በኋላ ድምፁ እየጠራ ከሄደ ልባችሁ ይምታ።

ደወሉና ከበሮው

ሌላ ዓይነት ማሽን አለ። ፐልስ ኢንዳክሽን ይባላል። አሠራሩ የሚማርክ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ባወራው ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ማሽን እየጠየቀ እያለ ነው የሚያዳምጠው። በጩኸት መሃል ሹክሹክታ ለመስማት መሞከር ነው። ፐልስ ኢንዳክሽን ግን ይመታል፣ ያቆማል፣ ከዚያ ያዳምጣል። የቤተ ክርስቲያን ደወልና ጭቃ የመሰለ የረጠበ ከበሮ ጎን ለጎን አስቡ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ምቷቸውና ዝም በሉ። ከበሮው ዱብ ብሎ ይቀራል። ደወሉ ይንጫረራል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ደወሉ የት እንዳለ ታውቃላችሁ።

ማሽኑ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ምት ወደ መሬት ይሰድዳል። ከዚያ ድንገት ይቋረጣል። ማግኔታይት መስኩ ሲጠፋ አብሮ ዝም ይላል። ጥይቷ ላይ የተነሱት አዙሪቶች ግን ወዲያው አይሞቱም፤ ለጥቂት ጊዜ እየተሽከረከሩ ይቆያሉ። ማሽኑ አሥር ማይክሮ ሰከንድ ያህል ታግሶ ማዳመጥ ይጀምራል። አንድ ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዚያች ቅጽበት አብዛኛው አፈር ዝም ብሏል፤ ጥይቷ ገና ትናገራለች።

"አብዛኛው" ያልኩት በምክንያት ነው። በጣም ደቃቅ የሆኑ የማግሄማይት ቅንጣቶች መስኩ ከጠፋ በኋላም ትንሽ ይቆያሉ። እንደ ደወል ባይሆንም ያንጎራጉራሉ። እንደ እድል ሆኖ አሟሟታቸው ይለያል፤ የብረታ ብረት ድምፅና የእነሱ ድምፅ የሚደክሙበት አካሄድ አንድ አይደለም። ጥሩው ማሽን ሁለት ጊዜ ያዳምጣል፤ አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግይቶ። ሁለቱን አነጻጽሮ የአፈሩን ይቀንሳል።

በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ማይንላብ የተባለው የአውስትራሊያ ድርጅት ነው። በ1985 በደቡብ አውስትራሊያ ተመሠረተ። የወርቅ ፈላጊዎች ችግር የነበረው የአውስትራሊያ መሬት እንደ ከልፔፐር ብረት የበዛበት መሆኑ ነው። ለወርቅ የተሠሩት እነዚያ ማሽኖች ቨርጂኒያ ሲደርሱ ለጥይት ፈላጊዎች አዲስ በር ከፈቱ። ተራው ማሽን አንድ ስንዝር ሳይሞላ በሚደክምበት አፈር እነሱ ሁለት ስንዝር ይወርዳሉ። አልቋል የተባለው ማሳ እንደገና ዕቃ መስጠት ጀመረ።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ጥሩው ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ሌላም ክፍያ አለው። ፐልስ ኢንዳክሽን ብረትን ከሌላው አጥርቶ መለየት አይችልም። ሚስማሩም፣ የአጥር ሽቦውም፣ የትራክተር ስብርባሪውም ይንጫረራል። የድሮ ቤት ፍርስራሽ አጠገብ ከሆናችሁ ቀኑን ሙሉ ሚስማር ስትለቅሙ ትውላላችሁ። ስለዚህ ሚስማር በበዛበት ቦታ ተራውን፣ ሜዳው ላይ ፐልሱን መያዝ ይሻላል። በመካከል ብዙ ፍሪኩዌንሲ (መስኩ የሚገለባበጥበት ፍጥነት) በአንድ ጊዜ የሚልኩ ማሽኖች አሉ። ከድሮዎቹ በጣም ይሻላሉ፤ በከልፔፐር አፈር ግን የፐልሱን ጥልቀት አይደርሱበትም።

ከማሽኑ በፊት የሚቀድሙ ነገሮች

ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች መቼም ቅዳሜና እሁድ ብሔራዊ ፓርክ ወደሆነው ማናሳስ የጦር ሜዳ መሄድ እንወዳለን፤ ሰፊና አረንጓዴ ነው። ዲቴክተር ይዛችሁ እንዳትሄዱ። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ መቆፈር ብቻ ሳይሆን ለሥራ የተዘጋጀ ዲቴክተር ይዞ መገኘት ራሱ ክልክል ነው። በ1979 የወጣው የፌደራል ሕግ ደግሞ በፌደራል መሬት ላይ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣትን በገንዘብም በእስራትም ይቀጣል። ከልፔፐር ውስጥ በ2024 የግዛቱ የጦር ሜዳ ፓርክ ተከፍቷል፤ እዚያም ያለ ፈቃድ አይሆንም። የቀረው የግል መሬት ነው፤ እሱም ባለቤቱ ከፈቀደ። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙት።

ከባድና ክብ የሆነ ብረት ካገኛችሁ ደግሞ እጃችሁን አንሱ። የመድፍ ጥይት ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ያለው ባሩድ ከ160 ዓመት በኋላም አልሞተም። በ2008 ቼስተር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ልምድ ያለው አንድ ሰብሳቢ የመድፍ ጥይት ሲያጸዳ ፈንድቶ ገደለው። እሱ ካልተረፈ እኛ ጀማሪዎቹ ምን እንሆናለን? ራቁና ለፖሊስ ደውሉ።

ሌላው ቦታው ነው። ጥይቱን ኪስ ከመክተታችሁ በፊት የት እንደነበረ፣ በምን ጥልቀት፣ ከጎኑ ምን እንዳለ መዝግቡ። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ይበቃል። ይህን አጥብቄ የምናገረው በሞንታና፣ ሊትል ቢግሆርን ላይ የሆነውን ስላነበብኩ ነው። በ1876 የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረው ሌተና ኮሎኔል ከስተርና አብረውት የነበሩት ወታደሮች በሙሉ እዚያ አለቁ። ከእሱ ጋር ከነበሩት ወታደሮች በሕይወት ተርፎ የሚናገር ስለጠፋ ውጊያው እንዴት እንደነበረ ሲያከራክር ኖረ። ከስተርን የተዋጉት የአገሬው ተወላጆች፣ የላኮታና የሸየን ተዋጊዎች፣ ቢናገሩም ብዙ ሰው አልሰማቸውም። በ1983 ቃጠሎ ሣሩን በላው። በሚቀጥለው ዓመት አርኪዮሎጂስቶች ዲቴክተር የያዙ በጎ ፈቃደኞችን አሰልፈው ሜዳውን አበጠሩት። ለተገኘችው እያንዳንዷ ቀለህ ባንዲራ ተተከለ፤ ቦታዋ ተለካ። ቀለህ ላይ የጠመንጃው መርፌ የሚተወው ምልክት እንደ ጣት አሻራ ነው። ምልክቶቹን አነጻጽረው አንድ ጠመንጃ ከየት ወደ የት እንደተንቀሳቀሰ ተከታተሉ። ለካ ተዋጊዎቹ ፈጣን ተኳሽ ጠመንጃ በብዛት ነበራቸው። ያ ሁሉ የታወቀው ቀለሆቹ በየቦታቸው ስለነበሩ ነው። በኪስ ተለቅመው ሄደው ቢሆን ኖሮ ቁርጥራጭ ናስ ብቻ በሆኑ ነበር።

አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች ነገሩ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል። በአጋጣሚ ያገኘም ማሳወቅ አለበት። ከሕጉ በላይ ደግሞ ሕይወት አለ። ጦርነት ባለፈባቸው ቦታዎች መሬት ውስጥ ያለው የጥንት ብቻ አይደለም። ፈንጂ አለ፤ ያልፈነዳ ጥይት አለ። በሰሜን ያላችሁ በተለይ፣ እባካችሁ፣ ማሽን አግኝታችሁም ቢሆን አትቆፍሩ።

እዚያ ይህን ሥራ መሥራት ያለባቸው ፈንጂ አምካኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በ2001 የኢትዮጵያ የፈንጂ ማምከኛ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። አምካኞችን በየትም አገር የሚገጥማቸው ችግር እኔን ማሳው ላይ ከገጠመኝ ጋር አንድ ነው፤ ብረት የበዛበት አፈር ይጮኻል፣ ትንሿ የፈንጂ ብረት ትደበቃለች። ልዩነቱ እኔ ባልፋት ጥይቷ እዚያው ትቀመጣለች። እነሱ ካለፏት አንድ እረኛ ይረግጣታል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ማሽኑን ይፈትናሉ። የሚፈልጉትን የሚመስል መሞከሪያ እዚያው አፈር ውስጥ፣ በሚፈለገው ጥልቀት ይቀብራሉ። ማሽኑ ካልሰማው ሥራ አይጀመርም።

ይህን ልማድ ከእነሱ ወስጄዋለሁ። ማሳው ዳር ላይ፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ፣ ሦስት የሚኒዬ ጥይቶች ቀብሬአለሁ። አንዱ 10፣ አንዱ 20፣ አንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። በየሄድኩበት ቀን መጀመሪያ እነሱ ላይ አሳልፋለሁ። የመጀመሪያው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። በሁለተኛው ላይ ስክሪኑ "ብረት" ይላል፤ ድምፁ ግን ቦታውን አይለቅም። ያን ሻካራ ድምፅ ነው ጆሮዬ ይዞ እንዲውል የምፈልገው። በሦስተኛው ላይ የድሮዋ ርካሽ ማሽኔ ምንም አትሰማም። የጎረቤቴ ፐልስ ኢንዳክሽን ግን ሲያልፍበት፣ አንዴ ዝግ ብሎ ከፍ ይልና መልሶ ይወርዳል።